ዘፈኑ ደባርቅን አልፎ ሲሄድ

በደባርቅ፣ በዳባት፣ በአዲአርቃይ፣ በጃናሞራ፣ እንዲሁም ከራስ ደጀን ግርጌ በአምቢኮ ያላችሁ አድማጮች ሁሉ፣ ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና ጠጋ በሉ። እርሳስና ወረቀት ያለው ሰው ከአጠገቡ ያስቀምጥ፤ ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር አጽፋችኋለሁ።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዘፈን ገንዘብ ነው። ትልቅ ሙዚቃ ቤት ሳይኖረው በራሱ ጥረት የሚዘፍን ሰው ከሥራው ገንዘብ የሚያገኘው እንዴት ነው? ዘፈኑ ከእጁ ወጥቶ ሲሄድስ ገንዘቡን ማን ይሰበስብለታል?

ከምናውቀው እንጀምር። ቅዳሜ ማታ ደባርቅ ላይ ጠጅ ቤት ገብታችኋል እንበል። ውጭው ብርድ ነው፤ ቤቱ በሰው ትንፋሽ ሞቋል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በየመቀመጫው ይዞራል። አንዱ እንግዳ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ቤቱ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ከዚያ ብር ይወጣና ከአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። የሰማው ከፈለ፣ የዘፈነው ተቀበለ፤ በመካከላቸው ማንም አልገባም። አባቶቻችን ለዘመናት የኖሩበት ክፍያ ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሒሳብ ያለ አይመስለኝም።

ግን በዚያው ማታ አንድ ወጣት ጥግ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ቀርጾታል። በማግስቱ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ዘፈኑ ይከፈታል፤ መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ተሳፋሪው እየሰማው ይሄዳል። ዳባት ላይ ቁርስ ቤቱ ይከፍተዋል። ሳምንት ሳይሞላ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል። ከወር በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የስሜን ልጆች እስክስታ ይወርዱበታል። ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ ወዶታል። አዝማሪው ግን እዚያ የለም፤ ብሩ የሚለጠፍበት ግንባር የለም።

እንግዲህ ሮያሊቲ የሚባለው ገንዘብ ይኸው ነው። ግንባሩ በሌለበት የሚለጠፍ ብር በሉት። ዘፈኑ በተሰማበት፣ በተሸጠበት፣ በተሠራበት ሁሉ ለባለቤቱ የሚደርስ ድርሻ ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደተጀመረ ባጫውታችሁ፣ ከጠጅ ቤታችን ብዙም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ኤርኔስት ቡርዤ የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ፓሪስ ውስጥ አንድ ካፌ ገብቶ ተቀመጠ። መጠጥ አዘዙ፣ ጠጡ። በዚያው ሰዓት ካፌው እንግዶቹን የሚያዝናናው በእነሱ ድርሰት ነበር። ሒሳብ ሲመጣ ቡርዤ አልከፍልም አለ። እናንተ የኔን ሥራ በነፃ እያቀረባችሁ ገንዘብ ትሰበስባላችሁ፤ እኔ ደግሞ ለእናንተ መጠጥ የምከፍልበት ምክንያት የለም ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ደራሲዎቹ ረቱ። ያ ክርክር በ1851 ሳሴም የሚባለውን ማኅበር ወለደ፤ ዛሬም ለደራሲያንና ለዜማ ሰዎች ገንዘብ ይሰበስባል። ነገሩ የተጀመረው መጠጥ ቤት ውስጥ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው ብቻውን በየካፌው እየዞረ ሒሳብ መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ ተሰባስበው አንድ ሰብሳቢ አቆሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ ብዙ ወጣት ሙዚቀኞቻችን ገንዘባቸውን የሚያጡት ይህን ባለመለየት ነውና።

አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። የስሜን ገበሬ ገብስ ሲዘራ ዘር አለ፣ አዝመራ አለ። የዘፈን ዘሩ ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። አዝመራው ደግሞ ስቱዲዮ ገብቶ የተቀረጸው ድምፅ ነው፤ የሙያው ሰዎች ማስተር ይሉታል። ከአንድ ዘር ብዙ አዝመራ ይታጨዳል። አንድ ግጥምና ዜማ ዘንድሮ አንዱ ይዘፍነዋል፣ ከ10 ዓመት በኋላ ሌላዋ አሳምራ ትዘፍነዋለች። አዝመራው ሁለት ሆነ፣ ባለቤቶቹም ተለያዩ፤ የዘሩ ባለቤት ግን በሁለቱም ላይ ድርሻ አለው። ስለዚህ ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር በሁለት መንገድ ይከፈላል፤ አንዱ ለግጥምና ለዜማ ደራሲ፣ ሌላው ለድምፃዊውና ቅጂውን ላሠራው ሰው። ሁለቱንም አንድ ሰው ከሠራቸው ሁለቱም የእሱ ናቸው፤ ግን በሁለት በር ይመጣሉ። አንዱን በር ብቻ አንኳኩቶ የተመለሰ ሰው የገንዘቡን ከፊል እዚያው ትቶ ነው የመጣው።

ምሳሌ ላንሳ። ዳባት ላይ አንድ የሠርግ ዘፈን ተሠራ እንበል። ግጥሙን አንዲት መምህርት ጻፈች። ዜማውን ድምፃዊው አወጣ። አቀናባሪው ጎንደር ላይ በኮምፒውተሩ ከበሮውንና ኪቦርዱን አሰናኘ። አንድ መሰንቆ መቺ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መታ፤ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው የእሱ እጅ ነው። የስቱዲዮውን ወጪ የከፈለው የድምፃዊው ወንድም ነው። አምስት ሰዎች ናቸው። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ግን ሰው የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ደግሞ፣ በዚህ ዓለም አሠራር፣ እዚያ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ገንዘቡ ስም ተከትሎ ነው የሚሄደው።

ይህን ስናገር አጎቴ ትዝ ይለኛል፤ ነፍሱን ይማር። መሰንቆ መቺ ነበር። በካሴት ዘመን አንድ ድምፃዊ ይዞት አዲስ አበባ ወረደና አንድ ሙሉ ካሴት ላይ መታ። የተሰጠው የአንድ ቀን አበልና የመመለሻ አውቶቡስ ገንዘብ ነበር። ካሴቱ ወጥቶ በየቤቱ ገባ፤ በልባሱ ላይ የአጎቴ ስም የለም። እኔ ልጅ ሆኜ ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ሥራውን አቁሞ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ጣቶቹን ዘርግቶ እያሳየን «ይቺ የኔ እጅ ናት» ይለን ነበር። ቁጣ አልነበረበትም። እንዲህ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እንዲህ ነው ብሎ ማመኑ ነው።

በዚያ ዘመን ነገሩ ሁሉ በቁርጥ ነበር። በአገራችን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ጊዜ ጀምሮ ዘፈን ሸቀጥ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት አዲስ አበባ ላይ በራሱ ገንዘብ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ሕንድ አገር ነበር ያስቀጠቀጠው። ከዚያ ካሴት መጣ። ሙዚቃ ቤቱ ለድምፃዊው፣ ለግጥም ጸሐፊው፣ ለባንዱ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህም ይሸጥ የሠሪው ኪስ አይነካም። ሙዚቃ ቤቶቹንም ቢሆን በጅምላ መኮነን አልፈልግም። በማግስቱ ካሴቱን ገልብጦ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ሰው እነሱንም አክስሯቸዋል።

ሕግስ አልነበረም ወይ ብትሉኝ፣ ነበረ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የተጻፉ አንቀጾች ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ ባለሥልጣን ሆኗል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ቅጂ መብት የሚለው የዘሩ ባለቤት መብት ነው። ተዛማጅ መብት የሚለው የአዝመራው ነው፤ የድምፃዊው፣ የመሰንቆ መቺው፣ ቅጂውን ያሠራው ፕሮዲውሰር፣ እንደኛ ያለው የሬዲዮ ማሠራጫም ጭምር። ደራሲው በሕይወት እስካለ መብቱ የእሱ ነው፤ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። የከዋኞችና የፕሮዲውሰሮች መብትም 50 ዓመት ይቆያል። መብቱ የሚወለደው ሥራው ተፈጥሮ በተጻፈ ወይም በተቀረጸ ጊዜ ነው፤ ማኅተም ወይም ፈቃድ አይጠብቅም። ምዝገባው የሚጠቅመው ክርክር ሲነሳ ለማስረጃ ነው። በ2007 ዓ.ም. አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል የጋራ አስተዳደር ማኅበር የሚባለው ነገር መልክ ያዘ። ፓሪሶቹ እንዳደረጉት ማለት ነው፤ ከሬዲዮው፣ ከቴሌቪዥኑ፣ ከሆቴሉና ዘፈን እየከፈተ ከሚነግደው ሁሉ በአባላቱ ስም ሮያሊቲ የሚሰበስብ ማኅበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አዋጁ ዕድሜ ቢያስቆጥርም በአገር ውስጥ ከሆቴሉና ከአውቶቡሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ገና የሚጠበቀውን ያህል አልሆነም። ግን በዚህ ምክንያት አባል ሳይሆኑ መቅረት አይገባም፤ ማኅበሩ አቅም የሚያገኘው የሚወክለው ሰው ሲበዛ ነው። እኛ የሬዲዮ ሰዎችም ከከፋዮቹ ወገን ነን፤ ይህን ደብቄ ስለ ሌላው ላወራ አልችልም። ከእኛ የሚጠበቀው ትንሹ ነገር ያጫወትነውን ዘፈን ስም፣ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ እየጠራን በመዝገብ መያዝ ነው። ያ መዝገብ ከሌለ ገንዘቡ ቢሰበሰብ እንኳ ለማን እንደሚከፈል አይታወቅም።

ሁለት ጥያቄዎች በየጊዜው ስለሚነሱ አሁን ልመልሳቸው። አንደኛው የሕዝብ ዜማ ጉዳይ ነው። አያቶቻችን ሲዘፍኑት የኖሩትን ዜማ ይዤ ብቀረጽ የኔ ነው ወይ? ዜማው የማንም አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ተነሥተህ በስምህ ብታስመዘግበው ጎረቤትህን ዘርፈሃል። ግን አንተ የዘፈንክበት ድምፅ፣ ያሠራኸው ቅጂ፣ አዲስ የጻፍክለት ግጥም ያንተ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ፤ ግጥም፦ እገሌ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያስከብራል።

ሁለተኛው ያ ጠጅ ቤት ውስጥ «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሰጠው ሰው ነው። እሱስ ደራሲ ነው ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። በጨዋታ መካከል የተወረወረ ስንኝ ሳይጻፍና ሳይቀረጽ ከቀረ አየር ላይ የቀረ ነገር ነው። አዝማሪው ግን ያንን ስንኝ ወስዶ ስቱዲዮ ገብቶ ካስቀረጸው የሰውየውን ስም ማንሳት አለበት ባይ ነኝ። አዝማሪ ጥሩ ግጥም ከሰጠው ሰው ጋር ሲጣላ አላየሁም፤ በምስጋና ይጠራዋል። ያንኑ ልማድ ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው የቀረን።

አሁን በውጭ ስላለው ገንዘብ እናውራ። ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ ዛሬ ብዙ ተስፋ የሚያደርገው በዚህ በኩል ነው። ስፖቲፋይንና አፕል ሙዚክን የመሳሰሉት መድረኮች ከእያንዳንዱ ዘፋኝ ጋር በቀጥታ አይዋዋሉም። መካከል ላይ አከፋፋይ አለ፤ ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮር፣ ሲዲ ቤቢ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። አንዳንዱ የዓመት ክፍያ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ከገቢው መቶኛ ይወስዳል። ዘፈናችሁን ሲቀበሉ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይሰጡታል። እንደ መሬት ይዞታ ደብተር ቁጥር አድርጋችሁ ያዙት። ዘፈኑ በየትኛውም አገር ሲከፈት ሒሳቡ የሚቆጠረው በዚያ ቁጥር ነው። አከፋፋይ ብትቀይሩ እንኳ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ ቁጥር ካወጣችሁለት የተደመጠበት ቆጠራ ይበታተናል።

ብዙ ሰው ስፖቲፋይ ላይ አንድ ጊዜ ሲደመጥ ስንት ነው ይለኛል። ቋሚ ዋጋ የለውም። መድረኩ በየወሩ ያገኘውን ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ያስገባል፤ ከቋቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ለመብት ባለቤቶች ይወጣል፤ ያ ደግሞ እያንዳንዱ ዘፈን ከጠቅላላው ምን ያህል ተደመጠ ተብሎ ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ለቅጂው ምንም አይከፈልበትም። ለጀማሪ ከባድ ደንብ ነው። እኔ በበኩሌ አልወደድኩትም፤ በየገጠሩ ያለ ድምፅ ተደማጭ እስኪሆን ድረስ ያለችውን ሳንቲም መልሶ ለትልልቆቹ የሚሰጥ ደንብ ነው። ግን ደንቡ ይኸው ነው፤ አውቆ መግባት ይሻላል። አሥር ዘፈን በአንድ ቀን ከመበተን ሁለቱን አሳምሮ ማስተዋወቅ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ዩቲዩብ ለእኛ አገር ሙዚቃ ከሁሉም የሰፋ ነው። በራሳችሁ ቻናል ከማስታወቂያ ገንዘብ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይጠይቃል። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ሌላ በር ግን አለ። ኮንቴንት አይዲ ይባላል። አከፋፋያችሁ ዘፈኑን በዚህ ሥርዓት ካስመዘገበ ዩቲዩብ ድምፁን እንደ ጣት አሻራ ይይዘዋል። ከዚያ ሌላ ሰው የሠርጉን ቪዲዮ፣ የእስክስታውን ቪዲዮ በእናንተ ዘፈን አስውቦ ሲለቅ ሥርዓቱ ይለየዋል፤ ቪዲዮውን ማስነሳት ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ወደ እናንተ ማዞር ትችላላችሁ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዳላስ ላይ የተዳረችው የዳባት ልጅ ቪዲዮዋ ቢወርድባት ምን ይጠቅማል? እሷ ትጨፍር፣ ገቢው ይምጣ። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ከሌላ ሰው ቅጂ የተቆረጠ ምት ወይም ከኢንተርኔት የተወሰደ ሙዚቃ በዘፈናችሁ ውስጥ ካለ የራሴ ነው ብላችሁ አታስመዝግቡ። ጠቡ ወደ እናንተ ይዞራል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሳውንድ ኤክስቼንጅ የሚባል ሰብሳቢ አለ። በኢንተርኔትና በሳተላይት ሬዲዮ የሚሰማን ቅጂ ገንዘብ ይሰበስባል። አከፋፈሉን ስሙልኝ፤ 50 በመቶው ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶው ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶው ደግሞ ስማቸው ፊት ላይ ላልወጡት አጃቢዎች ነው። ይህን መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ አጎቴን አሰብኩት። ከ100 ብር 5 ብር ትንሽ ናት፤ ግን መሰንቆ መቺ እንዳለ፣ እጁም ድርሻ እንዳለው በሕግ የተጻፈባት 5 ብር ናት።

ከአገራችን ዜማ በዓለም የዞረውን አንድ ልጥቀስ። የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ በሠራው ብሮክን ፍላወርስ በተባለ ፊልም ውስጥ ገባ። ያው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም ውስጥ ለአንድ ዘፈን መሠረት ሆነ። በዚያን ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ቅጂ ነበር። ፊልም ሠሪም ሆነ ራፐር እንዲህ ያለ ሥራ ሲወስድ የሁለቱን ባለቤቶች ፈቃድ ይፈልጋል፤ የድርሰቱንም የቅጂውንም። ያረጀ ዘፈን የሞተ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ግን ፈላጊው ማንን እንደሚያናግር አያውቅም።

ይህን ነገር ወደ ደጃችን ላምጣው። የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው ወዲህ የጭላዳንና የዋልያን ኑሮ ለመቅረጽ ስንት ቡድን ካሜራ ይዞ ወጥቷል። በቅሎ ነጂው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉም ዋጋ አላቸው፤ በቀን ይታሰብላቸዋል። ማታ ግን አምቢኮ ላይ እሳት ዙሪያ አንዱ እረኛ ዋሽንቱን ሲነፋ እንግዳው ይቀርጻል፤ ጠዋት ለልጁ ጥቂት ብር ሰጥቶ ይሄዳል። ልጁ ደስ ብሎት ይቀራል፤ እንግዳውም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ድምፁ ግን ፊልም ውስጥ ቢገባ ሌላ ሒሳብ ነው። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ አነፋፉ የልጁ ነው፤ አንድ ከዋኝ ሳይፈቅድ አይቀረጽም፣ ለንግድም አይውልም። እናንተ አስጎብኚዎች፣ እዚህ ላይ አደራ አለኝ። እንግሊዝኛ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ለፊልም ነው ወይስ ለግል ማስታወሻ? የት ይታያል? ለስንት ጊዜ? ስሙ ይጻፋል ወይ? ብላችሁ ጠይቁለት፤ በአንዲት ገጽ ወረቀት አስፈርሙለት። ለበቅሎው ኪራይ የምትሟገቱትን ያህል ለዋሽንቱ ተሟገቱ።

በአገር ውስጥም የተሞከረ አለ። በ2011 ዓ.ም. አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ይዞ ወጣ፤ ሙዚቀኛው ዘፈኑን በስልክ እየሸጠ ድርሻውን እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ኤልያስ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2012 አረፈ። ከዚያ ሰዋስው የተባለ ሌላ የሙዚቃ መተግበሪያ መጣ። የስልክ ጥሪ ማሳመሪያም አለ፤ ደዋዩ ስልኩ እስኪነሣ የሚሰማው ዘፈን በየወሩ ይከፈልበታል። ለእኛ አካባቢ ይህ የተለየ ጥቅም አለው፤ ኢንተርኔት አይፈልግምና። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። በዚያን ጊዜ ወጣቶቻችን ዘፈናቸውን ፍላሽ ላይ ጭነው ለሚሄድ ሰው አደራ ይሰጡ ነበር። አደራው ብዙ ጊዜ ደረሰ፤ አንዳንዴ ግን ዘፈኑ በአድራሹ ስም ወጣ።

ይኸው የአደራ ነገር ውጭ ካለ ዘመድ ጋርም አለ። ዶላሩ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ስለሌለን ዘፈኑን አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም እናስመዘግባለን። ዘመድ ጥሩ ነው። ግን «ገንዘቡን ይቀበልልኛል» እና «ባለቤቱ እሱ ነው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አከፋፋዩ ዘንድ የባለቤት ቦታ ላይ የሚጻፈው የእናንተ ስም ይሁን፤ ዘመድ ተቀባይ ብቻ ይሁን፤ ይህም በጽሑፍ ይሁን። የይዞታ ደብተራችን ላይ ባልና ሚስት ሁለቱም የሚጻፉት በመካከላቸው ፍቅር ስለሌለ ነው እንዴ?

አንድ አድማጫችን ከብዙ ዓመት በፊት ዘፈኑን በቁርጥ እንደሸጠ ነግሮናል፤ አሁን ምንም የለኝም ወይ ይላል። ወንድሜ፣ ውሉን ፈልገህ አንብበው። ምኑን ነው የሸጥከው? ቅጂውን ብቻ ከሆነ ግጥምህና ዜማህ አሁንም በእጅህ ነው፤ ሌላ ሰው አዲስ አድርጎ ሊዘፍነው ሲመጣ የሚያነጋግረው አንተን ነው። ሁሉንም ሸጠህ ቢሆን እንኳ የድርሰቱ አባት መባልህን ሕጉ ከአንተ አይወስደውም፤ ስምህ ይጠራልኝ ማለት ትችላለህ። ውሉ ከጠፋብህ ከገዢው ዘንድ ቅጂ ጠይቅ፤ ከዚያ የሕግ ሰው አማክር።

እሺ፣ አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ዘፈኑ ከስቱዲዮ ከመውጣቱ በፊት፣ ሁሉም ሰው ገና በፍቅር ሳለ፣ ይህን ጻፉ። የዘፈኑ ርእስ። የተቀረጸበት ቀንና ቦታ። የግጥም ደራሲ፣ ሙሉ ስም ከነአያት። የዜማ ደራሲ፤ የሕዝብ ከሆነ የሕዝብ በሉ። አቀናባሪ፤ የተከፈለው በቁርጥ ነው ወይስ ድርሻ አለው? ድምፃዊ። የስቱዲዮውን ወጪ የከፈለው ሰው፤ የቅጂው ባለቤት እሱ ነው ወይስ አበድሮ ነው? እንደ እኩል እርሻ ድርሻችሁን በመቶኛ አስቀምጡ፤ የግጥምና የዜማው ለብቻው መቶ፣ የቅጂው ለብቻው መቶ ይሙላ። ከታች የአይኤስአርሲ ቁጥሩን ቦታ ክፍት ተዉት፤ ሲመጣ ይጻፋል።

አሁን አንድ መስመር ጨምሩ። መሰንቆ መቺ፣ ሙሉ ስም። ከበሮ መቺና ክራር ተጫዋች ካለም እንዲሁ። ከስማቸው ጎን ስንት እንደተከፈላቸውና ወደፊት ከሚመጣው ስንት በመቶ እንዳላቸው ጻፉ። ሁሉም ይፈርሙ፤ የማይጽፍ ሰው በጣቱ ይፈርም፤ ሁለት ምስክር ይቁም። ወረቀቱን በየስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ አንዱን ቅጂ ለመሰንቆ መቺው ስጡት።